ባሌን በቁሙ የተሰናበትንበት ሳምንት

«አውፍ በለኝ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል። ቃሉ ምንም ጥፋት የለበትም። እኛ የወሎ ሙስሊሞች ረመዳን ሲገባ፣ ሰው ሐጅ ሊሄድ ሲነሳ ወይም የታመመ ሰው ላይድን ሲሆን እንባባለዋለን። አስከፍቼህ እንደሆነ፣ ሀቅህ አንገቴ ላይ ካለ፣ ለአላህ ብለህ ተውልኝ ማለት ነው። መልካም ልማድ ነው። እኔን ያንገሸገሸኝ አንድ ሰሞን ቤቴ ውስጥ የተባለበት አኳኋን ነው። አውፍ በለኝ ካሉትም ሁሉ ይበልጥ የምትቀፈኝ አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ተራዋ ሲደርስ አሳያችኋለሁ።

ሉባባ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ መጋረጃ እሰፋለሁ። ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ምላሷ ስል ነው ተብዬ የታወቅሁ፣ በሰፈሩ ማንም እንዳይደፍረኝ አድርጌ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባሌ ይመር ደግሞ ዝምተኛ ነው። ሥራው ራዲያተር መበየድ ነው። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ውሃቸው ይፈላና ራዲያተራቸውን እሱ ጋ ያመጡታል። የሚያንጠባጥበውን ቦታ ለማግኘት ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ይነክረውና አረፋው ከየት እንደሚወጣ ዝም ብሎ ያያል። ሰውንም እንዲሁ ነው የሚያየው። ሁለቱ ልጆቻችን ርቀው ስለሚማሩ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

ደም ማየት ከጀመረ ወራት ካለፉ በኋላ ነው ያወቅሁት፤ እሱም ልብሱን ሳጥብ። ኪንታሮት ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ስለምቀመጥ ነው አለኝ። እየጎተትኩ ደሴ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድኩት። በካሜራ ታየ፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱን ረቡዕ ኑ ተባልን።

ረቡዕ ጠዋት ደሴ ስንደርስ የይመር ታላቅ ወንድም ሐጂ ሙሄ በሩ ላይ ጠበቁን። እዚያው ደሴ ሆጤ ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አባታቸው ይመር ልጅ ሳለ ስለሞተ ይመርን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በቤተሰቡ ውስጥ እሳቸው ካሉ አለቀ ነው። ተያይዘን ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ወረቀቱን አየ፣ ይመርን አየ፣ ከዚያ አንተ ደም ለመስጠት ላብራቶሪ ሂድ፣ አስታማሚዎቹ ይቆዩ አለ። ይመር ቀስ ብሎ ተነስቶ ወጣ። በሩን ሲዘጋው ዞር ብሎ አየኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሐኪሙ ሳያንዛዛ ነው የነገረን። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ ካንሰር አለ፣ ገና ሩቅ የሄደ አይመስልም፣ ሰኞ ይተኛና በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገናው ይሠራለት፣ ይህ ወረፋ ካለፈ ግን ሌላ የሚገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ያን ያህል መቆየት ደግሞ አልመክርም አለ። ከታች በኩል ተቆርጦ ስለሚዘጋ ከዚያ ወዲያ ሰገራው የሚወጣው ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት መሆኑንም ነገረን። ይህን ሁሉ አውቆ፣ ፈቅዶ መፈረም ያለበት እሱ ነው፤ ተረጋግታችሁ ንገሩት፣ ካቃታችሁ ሰኞ ስትመጡ እኔ እነግረዋለሁ አለ።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን ሐጂ ሙሄ ክንዴን ያዙኝ። «አይነገረውም» አሉ። «ከሰማ በድንጋጤ ነው የሚያልቀው። ኪንታሮት ነው፣ ትንሽ ትቆረጣለች በይው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።» እኔም፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሴት፣ እሺ አልኩ። ለእሱ አዝኜ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ግን ፈርቼ ነው። ያንን ቃል አውጥቼ ነግሬው፣ ፊቱ ሲለዋወጥ ቁጭ ብዬ የማይበት ጉልበት አልነበረኝም፤ ሐጂም ከዚያ ስለገላገሉኝ በሆዴ አመሰገንኳቸው።

ይመር ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ መጣ። ኪንታሮት ነው፣ ሰኞ ትንሽ ቀዶ ጥገና አለ አልኩት። እንዲያ ነው እንዴ አለና እጅጌውን አወረደ። በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አቧራ ገባብኝ እያልኩ ዓይኔን ስጠርግ ነበር። ሐረጎን ስንወርድ ነፋሱ አንገቱ ላይ ያለውን ፎጣ ሲያወዛውዘው አስተካከልኩለትና የሆነ ነገር አልኩት። ምን እንዳልኩት ልብም አላልኩ።

ሐጂ ሙሄ ሚስጥሩን ለሦስት ሰው ብቻ ነው የተናገርኩ ይላሉ፤ ዱአ እንዲያደርጉለት። እሱ እንዳይሰማ የሚለውን ማስጠንቀቂያ አስከትለው። ሦስቱም ከዚያው ማስጠንቀቂያ ጋር አሻገሩት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከእሱ በቀር ያልሰማ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው ጎረቤታችን አሊ ነው። ሙዝ ይዞ መጣና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የይመርን ፊት አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ከንፈር መምጠጥ እንዴት እንደሚያስጠላኝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ያቺ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብታ ምራቄን መራራ አደረገችው። አሊ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጤፍ አወራ፣ ከዚያ አጎንብሶ፣ አጥሩን ሳድስ ወደ እናንተ ግቢ አንድ ክንድ ገፋ አድርጌው ነበርና አውፍ በለኝ አለው። ይመር ለረጅም ጊዜ አየው። አውፍ ብያለሁ አለ። አሊ ተነፈሰ፣ ቀለል አለው፣ ካመጣው ሙዝ አንዱን ራሱ ልጦ በልቶ ሄደ። አጥሩን ግን አልመለሰውም፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ከእሱ በኋላ አብሮት ጋራዥ የሚሠራው ሰይድ መጣ። አንድ ጊዜ ራሱ አበላሽቶ የበየደውን ራዲያተር ይመር ነው የሠራው ብሎ ለባለመኪናው ተናግሮ ነበር፤ ለዚያ አውፍ በለኝ አለው። ከሰዓት እህቱ መዲና መጣች። አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ፣ ሉባባን ስታገባ ሲህር፣ መተት አድርጋበት ነው ብዬ ለዘመድ ሁሉ አስወርቼ ነበር አለችው። እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀምጬ መጋረጃ እየዘመዘምኩ ነው። አውፍ በለኝ ያለችው እሱን ብቻ ነው። እኔ የምሞት አልመሰልኳትማ።

ዓርብም ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ይገባሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ብርቱካን ይልጣሉ፣ አላህ አፊያ ያድርግህ ይላሉ፣ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆዳቸውን ያራግፋሉ። አንድም ሰው ካንሰር የሚል ቃል አልወጣውም። ሚስጥሩን ጠብቀዋል፣ ወላሂ በዚህ አይታሙም። ግን ማንም ሳይናዘዝ የሚሄድ የለም፤ ይመር ሀቁን አንገታቸው ላይ ትቶ ወደ አኼራ እንዳያልፍባቸው ፈርተዋል። ረመዳን አይደለም፣ ሐጅ የሚሄድ የለም፣ ሰውየው ታሟል የተባለው ኪንታሮት ነው። በዓለም ላይ ለኪንታሮት ይህን ያህል ሕዝብ ይቅርታ ጠይቆ ያውቃል? የብርቱካኑ ልጣጭ፣ የሰው ላብና የተዘጋው መስኮት ተቀላቅሎ ቤቱ ይሸታል። ሰው በወጣ ቁጥር ወለሉን በበረኪና እወለውላለሁ፤ ሽታው አይለቅም።

ይመር ለሁሉም አውፍ ብያለሁ ይላል፣ ምንም አይጠይቅም። አልገባውም ብዬ ነበር። ዓርብ ማታ እራት ላይ የሰኞን ነገር ሳነሳበት ግን አልሄድም አለኝ።

«ለኪንታሮት ተብሎ ሰው ይተኛል? ቢስቲማ ከተማ ቅጠል የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ አሉ። እሳቸው ጋ እሄዳለሁ።»

ምን ልበለው? ልለው የምችለውን አንድ ነገር ራሴው ደብቄዋለሁ። ትንሿ ቀዶ ጥገና ትሻላለች ብል፣ ትንሽ ከሆነች ትቆይ ይለኛል። ሐኪሙ ተቆጥቷል ብል፣ ለኪንታሮት ምን ያስቆጣዋል ይለኛል። ቅዳሜ ለሚጠይቁት ሰዎች ሁሉ ሰኞ ቢስቲማ ነኝ እያለ ይነግራቸው ጀመር። እነሱም ጎሽ፣ እንዲያ ይሻላል እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለሚያውቁ ነው እንግዲህ፤ የሚሞት ሰው ምን ቸገረው፣ የፈለገውን ያድርግ ብለው። ወረፋው ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ።

እሑድ ከዙህር ሶላት በኋላ ሐጂ ሙሄ ራሳቸው ከደሴ መጡ። ይመር ፍራሹ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፣ እኔ መኪናዬ ላይ ነኝ። ሐጂ አጠገቡ ተቀመጡና መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ገና ሲከቱት ምን ሊሉ እንደሆነ ገባኝ። አይነገረው ያሉት ሰውዬ!

«ይመር፣ አውፍ እንድትለኝ ነው የመጣሁ» አሉ።

«በምን ጉዳይ ነው ሐጂ?» አለ ይመር። በአራት ቀን ውስጥ ሲጠይቅ መጀመሪያው ነበር።

እናታቸው ሐርቡ ነበር የምትኖረው። በሞተች ጊዜ ይመር ጅቡቲ ነበር፣ ገና አልተጋባንም። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ደረሰ፤ ድንገት ናት፣ ማታ ተኝታ ጠዋት አልተነሳችም አሉት። ይህን ታሪክ ሃያ ጊዜ ነግሮኛል። ሳትሠቃይ ሄደች እያለ ነው የሚጽናናው።

«ድንገት አልነበረም» አሉ ሐጂ። «ሦስት ወር ታማለች። ስልክ ስትደውል ደህና ናት የምልህ አጠገቧ ሆኜ ነው። ይመርን ጥሩልኝ ትል ነበር። እንዳትደነግጥ፣ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው የደበቅሁህ። እሷንም ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው እያልኩ አቆየኋት።»

ይመር ወንድሙን አላየም። እኔን ነው ያየው። ያቺ በሩን ሲዘጋ ያየኝ አስተያየት ናት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ጫማዬን ማየት አልቻልኩም። በዚያው አፍ፣ በዚያው እንዳይደነግጥ በሚል ቃል እናቱን ነጥቀውታል፤ አሁን ደግሞ እሱን ከራሱ እየነጠቁት ነው፣ መቀሱን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ከመኪናዬ ተነሳሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሐጂ ፊት ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ ከቤቴ ይውጡልኝ» አልኳቸው።

«ሉባባ፣ ምን ነካሽ?»

«አውፍ በለኝ የሚሉት ሰው ሲሞት ይመለሱ። ይህ ሰው አልሞተም። ይውጡ።»

ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ። በሩን ቆለፍኩት፣ ሊጠይቁ ሲመጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች በር ላይ ቀሩ። ከዚያ ፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ነገርኩት። ኪንታሮት አይደለም፣ ካንሰር ነው አልኩት። ከረጢቱን፣ ወረፋውን፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ፊቱ አልተለዋወጠም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ማነው የነገረህ? አሊ ነው? መዲና ናት?»

«አንች ነሽ።»

ምን እንደሚል አልገባኝም።

«ረቡዕ ዕለት ሐረጎን ስንወርድ ፎጣዬን አስተካከልሽልኝና፣ ላስከፋሁህ ሁሉ አውፍ በለኝ አልሽኝ። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ረመዳን ሲገባ እንኳ እኔ ነኝ አውፍ በይኝ የምልሽ። አንች ብለሽኝ አታውቂም።»

ያቺ ቅድም አሳያችኋለሁ ያልኳችሁ ሴት እኔ ነኝ። ከአሊ በፊት፣ ከመዲና በፊት፣ ከሐኪሙ ክፍል በወጣሁ በሁለተኛው ሰዓት፣ ባሌን በቁሙ ተሰናብቼዋለሁ። አራት ቀን ሙሉ ሰውን ስጸየፍ የሰነበትኩት ቀድሜ ያደረግሁትን ስላደረጉ ነው።

«ታዲያ ካወቅህ ለምን ሰኞን እምቢ አልክ?»

«ተስፋ ቢኖር ትነግሩኝ ነበር ብዬ ነዋ። ይድናል የሚባልን ሰው ማን አውፍ በለኝ ይለዋል? ከሚስቴ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ቀብሮኛል። ለማይቀር ነገር ሆዴን ምን ላደርግ አስቀድዳለሁ?» ፍራሹ ላይ ቀና አለ። «እውነት ሩቅ አልሄደም አለ?»

«አይመስልም አለ። ይድናል ብሎ ግን አልማለም።»

«እንደሱ ነው የሚባል» አለ። «እንሄዳለን እንግዲህ ሰኞ።» ከዚያ ስለ እናቱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ እንባው ቀደመው። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለካንሰሩ አይደለም ያለቀሰው።

ሰኞ ተኛ፣ ራሱ አንብቦ ፈረመ፣ ሐሙስ ተሠራለት። ቤት ከተመለስን በኋላ ከረጢቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀይርለት ሽታውን አልቻልኩትምና በር ላይ ወጥቼ አስመለሰኝ። ስመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀፍሻል አለኝ። ድሮ ቢሆን ምን በወጣህ እል ነበር። አዎ፣ ይቀፈኛል አልኩት። እኔንም አለና መሳቅ ጀመረ፤ ስፌቱን በእጁ ይዞ እያቃሰተ ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት አፍንጫዬ ለመደው። ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ለከረጢቱ ልባስ ሰፋሁለት፤ አበባ ያለበትን አልፈልግም ብሎ አስቀየረኝ። ሐጂ ሙሄም ከሁለት ወር በኋላ መጡ፣ አውፍ አላቸው። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ገና ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ በሽታው አትዋሹት። አፋችሁ ቢዋሽ እጃችሁ ይነግረዋል፣ ከንፈር መምጠጣችሁ ይነግረዋል፣ ያመጣችሁት ብርቱካን ብዛት ይነግረዋል። የምትነግሩት ደግሞ ካለው የከፋውን ነው፤ ሐኪሙ የሰጠውን ተስፋ አስቀርታችሁ ፍርሃታችሁን ብቻ ነው የምታደርሱት። እኔ ባሌ እንዳይደነግጥ ብዬ ለቢስቲማ ቅጠል አሳልፌ ልሰጠው አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር። የበደላችሁት ካለም ጤነኛ ሳለ ጠይቁት፤ ካልሆነ መጀመሪያ አጥሩን መልሱ።

ባለፈው ወር ለክትትል ደሴ ወጣን። ያው ሐኪም ነው። ፊልሙን አየ፣ እኔን አየ፣ ይመርን ለአንድ አፍታ ውጭ ጠብቅ አለው። ይመር ሊነሳ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። ወንድሜ፣ በሽታው የእሱ ነው፣ ለእሱ ንገረው፣ እኔም አብሬ እሰማለሁ አልኩ። ሐኪሙ አፈረና ኮምፒውተሩን ወደ ይመር አዞረለት። ጉበቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ታይታለች። መድኃኒት በደም ሥር ይጀመራል፣ ከሦስት ወር በኋላ ፊልሙ ይደገማል። ይመር ነጥቧ የት ጋ እንዳለች አጎንብሶ አያት፣ ምን ያህል እንደሆነች ጠየቀ፣ መድኃኒቱን ሲወስድ ስለሚተወው ምግብ ጠየቀ። ሁለታችንም እኩል ሰማን፣ እኩል ደነገጥን።

በሚኒባስ ስንመለስ ሐረጎን መውረድ ስንጀምር ነፋሱ ፎጣውን አወዛወዘው። አስተካከልኩለት። በዓይኑ ጥግ አየኝ።

«ዛሬ አውፍ በለኝ አትይም?» አለ።

«አልልም።»

«ለምን?»

«ገና የማስከፋህ ብዙ አለ» አልኩት።